ከኡቺሃ ቤት ማን ያሸንፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ማራኪ አካባቢ በፍላሽ ፊልም በምጭንባት ሱቄ በየቀኑ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ታሪኩን ያልጨረሰ ሰው መጨረሻውን እንዳያውቅበት ከወዲሁ ይጠንቀቅ።

ኡቺሃ እነማን ናቸው?

ኡቺሃ ጃፓናዊው ማሳሺ ኪሺሞቶ በደረሰው «ናሩቶ» በሚባለው የኒንጃዎች ታሪክ ውስጥ ያለ የልብ ወለድ ዘር ነው። ብዙ ክርክር የሚጣመመው «ቤተሰቡ» ሲባል አንዱ ጠባቡን ቤት፣ ሌላው ሰፊውን ዘር ስለሚያስብ ነው። ጠባቡ ቤት አባት ፉጋኩ፣ እናት ሚኮቶ፣ ታላቁ ልጅ ኢታቺና ታናሹ ሳስኬ ናቸው። በኋላ ሳኩራ በጋብቻ ትገባለች፣ ሳራዳም ትወለዳለች። ሰፊው ዘር የጥንት መሪውን ማዳራን፣ ወንድሙን ኢዙናን፣ ኦቢቶንና ሺሱይን ይጨምራል።

ዘሩ ኮኖሃ በሚባለው መንደር ይኖር ነበር፤ የመንደሩን ፖሊስም የሚመራው እሱ ነበር። በአንድ ሌሊት አለቀ። የፈጀው የገዛ ልጁ ኢታቺ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 13 ነበር። በሕይወት የተወው ታናሽ ወንድሙን ብቻ ነው። «እነዚህ ሰዎች ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከዚያ ሌሊት ይጀምራል።

ለመከራከር ሁሉንም ክፍል ማየት አለብኝ?

ጊዜ ካለህ እይ። ማንጋው፣ ማለትም በሥዕል የተሠራው መጽሐፍ፣ ከ1999 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን 700 ምዕራፎች አሉት። አኒሜው፣ ማለትም በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተሠራው ፊልም፣ በመጀመሪያው ክፍሉ 220፣ «ሺፑደን» በሚባለው ሁለተኛው ደግሞ 500 ክፍሎች አሉት። የወንድማማቾቹን ጉዳይ ብቻ የሚፈልግ ከሺፑደን ከ134 እስከ 141 ያለውን ይጫን፤ የኢታቺን ልጅነት ደግሞ ከ451 እስከ 458 ያገኘዋል።

አንድ ነገር ልብ በል፤ አኒሜው ላይ ያለ ሁሉ ማንጋው ላይ የለም። አንዱ ከማንጋው፣ ሌላው ከአኒሜው እየጠቀሰ ሲከራከር ሁለቱም ልክ ሆነው ሳይግባቡ ይመሻል።

ሁሉም ሻሪንጋን አላቸው፤ ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሻሪንጋን የዘሩ ዓይን ነው። የተቃዋሚን እንቅስቃሴ ቀድሞ ያነባል፣ ያየውን ስልት ይቀዳል፣ በእይታ ብቻ ሰውን ቅዠት ውስጥ ይከትታል። ከዚያ በላይ ማንጌክዮ አለ፤ እሱ የሚከፈተው በጣም የሚወዱትን ሰው በማጣት ሐዘን ነው። ኢታቺ በጓደኛው በሺሱይ ሞት፣ ኦቢቶ በሪን ሞት፣ ሳስኬ ደግሞ ስለሞተው ወንድሙ እውነቱን በሰማ ጊዜ አገኙት። ማንጌክዮ ያለው ሁሉ የራሱ ኃይል አለው። የኢታቺ አማተራሱ ጥቁር እሳት ነው፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ይነዳል ይባላል። ጹኩዮሚ ደግሞ በቅጽበት ውስጥ የሦስት ቀን ሥቃይ ያሳያል፤ የሳስኬን መምህር ካካሺን አልጋ ላይ ያዋለው ይኸው ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ማንጌክዮን በተጠቀሙበት ቁጥር ዓይን ይደክማል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። መድኃኒቱ የቅርብ የሥጋ ዘመድ ዓይን መውሰድ ነው። ማዳራ የወንድሙን የኢዙናን፣ ሳስኬ የኢታቺን ዓይን ወስደው ብርሃኑ የማይጠፋ ማንጌክዮ አገኙ። እኛ የምንወደውን ወንድም «ዓይኔ» ብለን እንጠራለን። በዚያ ቤት ቃሉ ሥጋ ለብሶ ነው የሚታየው፤ እኔ ይህን ታሪክ ከሌሎቹ አብልጬ የወደድኩት በዚህ ነው።

ኢታቺና ሳስኬ ሲጋጠሙ ማን አሸነፈ?

«ኢታቺ ሞተ፣ ሳስኬ ቆመ፤ አለቀ» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል። ውጊያውን ደግሞ ቀስ ብለን እንየው። ሳስኬ ጹኩዮሚን ሰበረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም እንዳይክደው። ከአማተራሱ ያመለጠው ቀድሞ ካሰለጠነውና በኋላ በውስጡ ከዋጠው ከከሃዲው ኦሮቺማሩ በወሰደው ቆዳ የመግፈፍ ስልት ነው። ከዚያ ከሰማይ መብረቅ አወረደ። ኢታቺ ያን መብረቅ ሱሳኖ በሚባለው ግዙፍ የመንፈስ ጋሻ መከተ። የሳስኬ ኃይል ሲሟጠጥ በውስጡ የተደበቀው ኦሮቺማሩ ወጣ፤ ኢታቺም በሱሳኖው ሰይፍ ወግቶ ላይመለስ አሸገው።

እዚህ ላይ ሳስኬ የቀረው ነገር አልነበረም፤ ጀርባው ግድግዳ ነክቶ ነበር። ኢታቺ እየደማ፣ እየተንገዳገደ፣ እጁን ዘርግቶ መጣ። የሚመለከት ሁሉ «ዓይኑን ሊያወጣው ነው» ብሎ ትንፋሹን ይይዛል። ልጅ ሳለ ያደርግለት እንደነበረው በጣቶቹ ግንባሩን ነካ አደረገውና ወድቆ ሞተ። ከዚያ በኋላ የምንሰማው ሁሉ ሐሳቡ ቀድሞ የተሠራ እንደነበር ነው፤ ወንድሙ እሱን ገድሎ በመንደሩ ፊት ጀግና እንዲሆን፣ ኦሮቺማሩም ከሰውነቱ እንዲወጣለት። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የሞተው ኢታቺ ነው፣ የፈለገውን ያገኘውም ኢታቺ ነው። ሳስኬ በጉልበት እዚያ ድረስ መድረሱ ግን የራሱ ነው፤ ያንን መንሣት አይገባም።

ኢታቺ ባይታመም ኖሮስ?

ሱቄ ውስጥ ድምፅ ከፍ የሚያስደርግ ጥያቄ ቢኖር ይህ ነው። የምናውቀውን እናስቀድም። ኢታቺ በጠና ታሞ ነበር፤ ሳስኬን እስኪገጥም በሕይወት ያቆየው መድኃኒት ነው። የበሽታው ስም ማንጋው ውስጥ አልተነገረም፤ «የሳንባ ነው»፣ «የልብ ነው» እያለ የሚምል ሰው ከራሱ ነው የሚያመጣው። ዓይኑም ሊጠፋ ደርሶ ነበር።

የገጸ ባሕርያቱን አቅም በነጥብ የሚያስቀምጥ የደራሲው ይፋዊ መጽሐፍ አለ። በስምንት መመዘኛ፣ እያንዳንዱ ከ5 ይታሰባል። ኢታቺ በድምሩ 35.5 አለው፤ ይህ ታላቁ የኮኖሃ ኒንጃ ጂራያ ካለው ጋር እኩል ነው። በስልት 5፣ በቅዠት 5፣ በብልሃት 5፣ በፍጥነት 5 ነው። በጽናት ግን 2.5 ብቻ ነው ያለው። ይህችን ቁጥር ያዝ። ኢታቺ ፈረሱ እየደከመበት እንኳ ጉግስ ሜዳ ላይ ከቀረው ሁሉ ጋር እኩል የሚወረውር ሰው ማለት ነው። የ16 ዓመቱን ሳስኬ ጤነኛ ኢታቺ ቢገጥመው፣ ሊያሸንፈው ከፈለገ፣ መብረቁ ሳይወርድ ነገሩ ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በብዙ ዓመት ያየሁት አንድ ነገር አለ። ታላቅ ወንድም የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኢታቺ ጋር ይቆማል፤ ታናሽ የሆነው ከሳስኬ። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች መጡ፤ ታናሹ ታላቁን «ወንድምጋሼ» እያለ፣ በአክብሮት፣ ግን አንድም ነጥብ ሳይለቅለት፣ መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ተከራከረው። እኔ የቤታችን ታላቅ ነኝ። ስለ ኢታቺ የምናገረውን ይህን እያወቃችሁ ስሙኝ።

ያደገው ሳስኬስ? ኢታቺን ያሸንፋል?

ያሸንፋል። እዚህ ላይ ታላላቆች ብንቆጣም እውነቱ ይኸው ነው። በአራተኛው የኒንጃዎች ጦርነት መጨረሻ ሳስኬ የማይጠፋውን ማንጌክዮ ይዟል፣ ሱሳኖውም ሙሉ ሆኗል። በግራ ዓይኑም ሪነጋን የሚባለው ከሻሪንጋን በላይ የሆነ ዓይን አለው፤ በእሱ ራሱንና ሌላን ነገር በቅጽበት ቦታ ያለዋውጣል። ኢታቺ በሕይወቱ እዚህ ደረጃ አልደረሰም።

ለኢታቺ የሚቀሩት ሁለት በሮች ናቸው። አንዱ የሚያሽገው የሱሳኖ ሰይፍ ነው፤ ቢነካው ያበቃለታል፣ ግን ቦታ የሚለዋውጥን ሰው እንዴት ይነካዋል? ሁለተኛው ኢዛናሚ ነው፤ ሰውን በማያልቅ ዙር ውስጥ የሚያስቀር ስልት ሲሆን ኢታቺ ከሞት ተጠርቶ በተመለሰ ጊዜ የኦሮቺማሩን ተከታይ ካቡቶን የያዘው በእሱ ነው። ኢዛናሚ ግን ራሱን የሚያታልል፣ ማንነቱን የማይቀበል ሰው ላይ የተሠራ ነው። ያን ጊዜ ሳስኬ ማንነቱን ያገኘ ሰው ነበር። በኋላ፣ «ቦሩቶ» በሚባለው ቀጣይ ታሪክ ዘመን፣ ሪነጋኑን አጥቶ፣ በአንድ እጁ የቀረው ሳስኬ ቢሆን ግን ጥያቄው እንደገና ይከፈታል፤ ያኔም ቢሆን በጠባብ ልዩነት ለሳስኬ እሰጣለሁ።

አባትየው ፉጋኩ ልጆቹን ይችላቸው ነበር?

«አባት እያለ ልጅ አይቀድምም» ብለው የሚጀምሩ አሉ። ማንጋው ላይ ፉጋኩ ሲዋጋ በቂ ነገር አናይም። ማንጌክዮ እንደነበረው የሚታየው አኒሜው ላይ ነው፤ ከ451 በኋላ ያለውን ያዩት ያውቁታል። ስለዚህ ማንጋውን ብቻ ለሚቀበል ሰው ፉጋኩ የተከበረ አለቃ እንጂ ከኢታቺ ጋር የሚመዘን አይደለም።

በዚያ ሌሊት ግን አባትና ልጅ ፊት ለፊት ነበሩ፤ ውጊያም አልነበረም። ፉጋኩና ሚኮቶ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። አባት መንገዳቸው ቢለያይም በልጁ እንደሚኮራ ነገረው፣ ሳስኬንም አደራ አለው። ኢታቺ ከኋላቸው ቆሞ እያለቀሰ ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ «አባትየው ቢታገል ኖሮ» የሚለውን ጥያቄ በነጥብ መመለስ ይከብደኛል። አደራ ሰጥቶ የተቀመጠ አባት አቅሙ አልተለካም።

ሺሱይ ከኢታቺ ይበልጣል?

በሕይወት ሳሉ ኢታቺ ራሱ እንደ ታላቅ ወንድም ያየው ነበር። የሺሱይ ኃይል ኮቶአማትሱካሚ ይባላል፤ የተጠቃው ሰው በራሱ ፈቃድ የሚሠራ እየመሰለው ይታዘዛል። ከዚህ የከፋ ቅዠት በዘሩ ውስጥ የለም። ድክመቱ ደግሞ አንዴ ከተጠቀሙበት እንደገና ለመጠቀም ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቁ ነው። ለአንድ ውጊያ፣ ላላወቀው ተቃዋሚ፣ ሺሱይን አስቀድማለሁ። የመንደሩ ሹም ዳንዞ አንድ ዓይኑን ነጥቆታል፤ ሺሱይም ሌላውን ለኢታቺ አደራ ሰጥቶ ራሱን ወንዝ ጣለ።

ሳኩራና ሳራዳ ለምን ከክርክሩ ይወጣሉ?

መውጣት የለባቸውም። ሱቅ የሚመጡ ሴት ልጆች ይህን ሲጠይቁኝ ወንዶቹ ይስቃሉ፤ እኔ ግን መልስ አለኝ። ሳኩራ በደም ኡቺሃ አይደለችም፣ የቤቱ ሚስትና እናት ናት። ከመምህሯ ከጹናዴ የወሰደችው ጡጫ መሬት ይሰነጥቃል፤ በግንባሯ ያጠራቀመችው ኃይል ሲፈታ ቁስሏ ወዲያው ይድናል። የታሪኩን የመጨረሻ ጠላት ካጉያን ባሸጉበት የመጨረሻ ቅጽበት ከላይ ወርዳ የመታችው እሷ ናት። ከሳስኬ ጋር ብትገጥም ትሸነፋለች፤ ከፉጋኩ ጋር ከሆነ ግን በቅርብ ርቀት ከተገናኙ ለእሷ እሰጣለሁ።

ሳራዳ የእናቷን ጡጫና የአባቷን ዓይን በአንድ ላይ የያዘች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። በማንጋው ቀጣይ ታሪክ ማንጌክዮዋን ከፍታለች። ታሪኳ ገና እየተጻፈ ስለሆነ ዛሬ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ነገ ይሻራል።

ማዳራን ከዘሩ ማን ያቆመዋል?

በጉልበት ማንም። ከሞት ተጠርቶ በመጣበት ጊዜ አምስቱን የመንደር መሪዎች ብቻውን ገጠመ። 25 የእንጨት ምስሎቹን አውጥቶ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት አደላቸው፤ እያንዳንዱም ምስል ሱሳኖ ነበረው። ያም ገና እውነተኛ ሥጋውን ሳያገኝ ነው። ሥጋውን አግኝቶ ባለ አሥር ጭራውን አውሬ ሲውጥ ደግሞ የኮኖሃው ተዋጊ ማይት ጋይ ነፍሱን አሲዞ መታው፤ ማዳራ ግን ተርፎ ተነሣ።

«ኦቢቶስ?» ይሉኛል። ኦቢቶ አካሉን ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግር ካሙይ አለው፤ ሊነኩት አይቻልም፣ ከኢታቺም ጋር ቢገጥም እንደ ጥላ ያስቸግረዋል። ማዳራ ግን ያሳደገው፣ ስልቱን የሚያውቅበት ሰው ነው። ማዳራን የጣለው ከኋላው የወጋው ጥቁር ዜጹ ነው፤ የራሱ ፈቃድ ነው ብሎ የሚያምነው ፍጡር። ከዘሩ ውስጥ በፍልሚያ ሊያስጨንቀው የሚችል ሪነጋን ያለው ሳስኬ ብቻ ነው፤ እሱም ብቻውን ከሆነ አይበቃም።

ክርክሩ ወደ ጠብ ሲሄድ እንዴት ይዳኝ?

አያቶቻችን ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው። በላ ልበልሃ ይባላል፤ ተከራካሪ ቆሞ «ተጠየቅ» እያለ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ፣ ዳኛም ይሰማል። እኛ ሱቅ ውስጥ በማኪያቶ ነው። አንድ ወገን ሲናገር ሌላው ይሰማል። ከመፍረዴ በፊት ከሁለቱም አራት ነገር እጠይቃለሁ፤ ተዋጊው በስንት ዓመቱ? የትኛው ዓይን አለው? ስለ ተቃዋሚው ምን ያውቃል? ከውጊያው ምን ይፈልጋል?

ከአሥር ክርክር ዘጠኙ እነዚህ ሲመለሱ ይፈታል፤ ምክንያቱም አንዱ የ13 ዓመቱን ኢታቺ፣ ሌላው ከሞት የተመለሰውን ያስብ ነበር። የሚያስቸግረው አራተኛው ነው።

ኢታቺ ጀግና ነው ወይስ ነፍሰ ገዳይ?

ይህ የውጊያ ጥያቄ አይመስልም፤ ግን «ማን ያሸንፋል» ብሎ የጀመረ ሁሉ እዚህ ይደርሳል። ኢታቺ ዘሩ መንግሥት ሊገለብጥ ሲያሤር መንደሩንና ወንድሙን መረጠ። ትእዛዙ ከአለቆቹ መጣ፤ ሰይፉን የያዘው ግን የእሱ እጅ ነው። በዚያ ሌሊት የሞቱት ሁሉ አላሤሩም።

እኛ ጎንደሮች ይህን የምናየው ከግንቡ ሥር ሆነን ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱ በልጃቸው በተክለ ሃይማኖት ዙፋናቸውን አጥተው በ1706 እ.ኤ.አ. በጣና ደሴት ተገደሉ። አባቱ ከተገደሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1708 ልጁም ተገደለ፤ ታሪክ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብሎ አስቀርቶታል። ነገሥታቱ የወንድም ከወንድም ፍልሚያን ፈርተው መሳፍንቱን ወህኒ አምባ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በዚህ ግንብ አጠገብ ያደገ ልጅ የቤተሰብ ጦርነት ልብ ወለድ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን አገኘ፤ ኢታቺ ምንም አላገኘም፣ የከሃዲ ስም ተሸክሞ ሞተ። እኔ ጀግና ልለው አልችልም፣ ርጉም ልለውም አልችልም። ልጆቹ ሲጠይቁኝ «ታላቅ ወንድም ነው» እላቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ እንደ መሸሽ ይቆጥረዋል።

ሁለቱም ከልባቸው ሊገዳደሉ ቢዋጉስ?

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት ተማሪ ናት፤ ከዚያ በፊት በዚህ መልኩ ያቀረበልኝ አልነበረም። ሌሎቹ ጤናውን ይመልሱለታል፣ ዓይኑን ያበሩለታል፣ ዕድሜውን ያስተካክሉለታል። እሷ ፍቅሩን አንሱት አለችኝ።

ብዙ አሰብኩበት። የሳስኬን ጥላቻ ብታነሣው ሳስኬ ይቀራል፤ በታሪኩ መጨረሻ ላይ አይተነዋል፣ ጥላቻውን ጥሎም ኖረ። የኢታቺን ፍቅር ብታነሣው ግን መንደሩን የሚመርጥበት፣ የሚዋሽበት፣ መድኃኒት እየዋጠ የሚጠብቅበት ምክንያት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ሌላ ሰው ነው የሚተርፈው። ያ ሌላ ሰው በዚያ ሌሊት ሳስኬን አይተወውም፤ ስምንት ዓመት ቆይቶ የሚገጥመው ተቃዋሚም አይኖረውም። ይህን ስነግራት «ታዲያ አሸነፈ ማለት ነዋ» አለችኝ። እኔም ፍላሿን ሞልቼ ሰጠኋት፤ እስካሁን ስንገናኝ እንከራከርበታለን።